ለክለባችን ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎችን እንዴት እናመስግን?

የክለቡ ጸሐፊ
ሰላም ወገኖች። የአንድ የመንደር እግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ነኝ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ክለባችንን ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ሰዎችን ልናመሰግን አስበናል። ኮሚቴው እስካሁን የሦስት ሰው ስም ይዟል።

አንደኛው ሜዳ የሚያሰምሩልን አባት ናቸው። ይኸው 31 ዓመታቸው። ጨዋታ ባለ ቀን ሁሉ ጎህ ሲቀድ ሜዳ ላይ ናቸው። አንድ ገመድ አለቻቸው። 9 ሜትር ከ15 ሳንቲም ላይ ቋጠሮ አላት። አንዱን ጫፍ መሀል ሜዳ ላይ በችካል ይመቱታል፣ ሌላውን ወጠር አድርገው ይዞራሉ፣ ክቡ ይወጣል። 11 ሜትር ላይ ሌላ ቋጠሮ አለ። እሱ የፍጹም ቅጣት ምት ቦታ ነው። ገመዷ ብዙ ጊዜ ተበጥሳለች። በተቀጠለች ቁጥር እንደገና ለክተው ነው የሚቋጥሯት። እኛ ግን ገብተን ስንጫወት መስመር መኖሩን እንኳ ልብ አንልም።

ሁለተኛዋ ማሊያ የሚያጥቡልን እናት ናቸው። የጀመሩት ልጃቸው ሲጫወት ነው። ልጁ ጫማ ከሰቀለ ቆይቷል። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ አላቆሙም።

ሦስተኛው ደጋፊ ናቸው። ኃላፊነት ይዘው አያውቁም፣ ስብሰባ ላይም አይናገሩም። ከጎሉ ጀርባ ይቆማሉ። 7 ለ 0 ስንሸነፍም እዚያው ናቸው። ቁጥቋጦ ውስጥ የገባ ኳስ ካለ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ፈልገው ያመጡታል።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ሰርተፍኬት ሰጥተን እናጨብጭብ፣ በቂ ነው» ይላል። ግማሹ «ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል፣ ገንዘብ እናዋጣ» ይላል። እኔ በሁለቱም ልቤ አልረካም። እናንተ ጋ እንዴት ተደረገ? ምን ደስ አሰኘ፣ ምንስ አስቀየመ?

የቀድሞ ግብ ጠባቂ
መጀመሪያ ነገር፣ አትዘግዩ። የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ ለምን ትጠብቃላችሁ?

እኛ ጋ ኳስ የሚነፉ፣ የተቀደደ የሚሰፉ፣ የመልበሻ ክፍሉን ቁልፍ የሚይዙ አንድ ሰው ነበሩ። ኳሷን በሁለት እጃቸው ጫን ጫን አድርገው «ይህቺ ትንሽ ይቀራታል» ሲሉ አሁንም ይታየኛል። በየዓመቱ «ዘንድሮ እናመሰግናቸዋለን» እንላለን። ዘንድሮ ያልፋል። ሲያርፉ ከጨዋታ በፊት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አደረግን። ስማቸው የተቀረጸበትን ዋንጫ ልጃቸው ተቀበለ። እኔ ጎል ውስጥ ቆሜ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ምክንያቱም እኔ ራሴ አንድ ቀን «አመሰግናለሁ» ብያቸው አላውቅም። ጓንቴን ስንት ጊዜ ሰፍተውልኛል።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ሰዎቹ በቁማቸው ይስሙት።

ገንዘብ ያዥ
ስለ ገንዘቡ ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ።

ሁለት ነገር እየተደባለቀ ይመስለኛል። እኚያ እናት ሳሙናውን ከየት ነው የሚገዙት? ከኪሳቸው ከሆነ እሱን መመለስ ሽልማት አይደለም። ዕዳ መክፈል ነው። ዛሬውኑ ክፈሉ። ከዚህ በኋላም በየወሩ በደረሰኝ ይከፈል። የሜዳ ማስመሪያው ኖራም፣ የደጋፊው ትራንስፖርትም ለክለቡ ሥራ የወጣ ከሆነ እንደዚያው ነው። ይህን ከምስጋናው ቀን ጋር አታገናኙት።

ምስጋናው ሌላ ነው። የ31 ዓመት ድካም በብር ሲተመን ሰው ሳይወድ በግድ ማካፈል ይጀምራል። ይህን ያህል ብር ለ31 ሲካፈል ስንት ሆነ ይላል። በፍቅር የተሠራው ሥራ በአንዴ የቀን ሥራ ይሆናል፣ ያውም በጣም ርካሽ የቀን ሥራ። ችግር ላይ ያለ ሰው ካለ ግን በድብቅ፣ በአክብሮት ይረዳ። ሕዝብ ፊት ፖስታ መስጠት ብዙ ሰው ያሳቅቃል።

ሰማያዊ ማሊያ
ጸሐፊው፣ ስለ ማሊያ አጣቢዋ እናት የጻፍከውን ሳነብ እናቴን ነው ያየኋት። እሷም አንድ ቡድን ማሊያ ለ18 ዓመት አጥባለች።

ሰው «ማጠብ» ሲል ቀላል ይመስለዋል። ጭቃው መጀመሪያ እንዲደርቅ ይሰጣል። ከዚያ በብሩሽ ይራገፋል። እርጥቡን ከነከርከው ጭቃው ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ደም ካለ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ደሙን ያጣብቀዋል። ቁጥሩ እንዳይላጥ ማሊያው ተገልብጦ ይታጠባል፣ ጸሐይም አይመታውም። ደም ያለበት ማሊያ የለበሰ ተጫዋች ዳኛው ከሜዳ ያስወጣዋል፣ ይህን ታውቃላችሁ። እናቴ ግን የምታጥበው ስለ ሕጉ ብላ አልነበረም። «ልጆቹ ሲገቡ ያምሩ» ትል ነበር። 14ቱን ማሊያ በቁጥር ተራ አጥፋ ቦርሳው ውስጥ ታስገባለች። 1 ቁጥር ሁልጊዜ ከላይ ነው።

አንድ ዓመት ክለቡ ባለውለታዎቹን አመሰገነ። ወንዶቹ እያንዳንዳቸው በሠሩት ሥራ ተጠሩ፤ «ለ10 ዓመት ገንዘብ ያዥ የነበሩ»፣ «ሦስት ዋንጫ ያስገኙ አሰልጣኝ»። እናቴና ሌሎች አራት ሴቶች ተራ ሲደርሳቸው «እናቶቻችንንም እናመሰግናለን» ተባለ። አለቀ። ሰርተፍኬቱ ላይ የአባቷ ስም ተሳስቶ ነበር። ምንም አልተናገረችም። ቤት ስትገባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። በሚቀጥለው ሳምንትም ማሊያዎቹን አጠበች።

እባካችሁ፣ የሠሩትን ሥራ በስሙ ጥሩት። ስማቸውን ደግሞ ከመታወቂያቸው ላይ አይታችሁ ጻፉ።

የክለቡ ጸሐፊ
ሰማያዊ ማሊያ፣ እህቴ፣ ይህን ስላካፈልሽን በጣም አመሰግናለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ በረቂቃችን ላይ የእኛም እናት «ለክለቡ ላደረጉት ልዩ ልዩ አስተዋጽኦ» ተብለው ነው የተጻፉት። ዛሬ ማታ ይቀየራል።

ቁጥር 12
ለደጋፊው ሐሳብ የሚሆኑ ነገሮች ላምጣ። ትልልቆቹ ክለቦች ያደረጉትን በመንደር አቅም ማድረግ ይቻላል።

የስፔኑ ቫሌንሲያ አንድ ደጋፊ ነበራቸው፣ ቪሴንቴ ናቫሮ አፓሪሲዮ ይባላሉ። በ54 ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። ስታዲየም መምጣት ግን አላቆሙም። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያየውን ይነግራቸዋል። ካረፉ በኋላ ክለቡ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2019 በሜስታያ ስታዲየም 15ኛው ረድፍ፣ ወንበር ቁጥር 164 ላይ የነሐስ ሐውልታቸውን አስቀመጠ። ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ነው። ሐውልቱ በር ላይ ሳይሆን እዚያው በቦታቸው መሆኑ ነው ልቤን የነካው።

በዚያው በ2019 የፊፋ የደጋፊዎች ሽልማት ለብራዚላዊቷ ሲልቪያ ግሬኮ ተሰጠ። የፓልሜይራስ ደጋፊ ናቸው። ማየት ለማይችለው ልጃቸው ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩለታል።

የጀርመኑ ዩኒየን በርሊን ደግሞ አለ። በ2008 እና በ2009 ስታዲየማቸው ሲታደስ ከ2000 በላይ ደጋፊዎች ያለ ክፍያ ሠሩ። 140 ሺህ ያህል የሥራ ሰዓት ነው። ለእነዚያ ሰዎች ከስታዲየሙ ውጭ መታሰቢያ ቆሟል፤ አናቱ ላይ የግንባታ ሠራተኛ ቀይ ቆብ አለ። ባየር ሙኒክ ቁጥር 12ን ለተጫዋች አይሰጥም፣ የደጋፊው ነው። ስሜን ከዚያ ነው የወሰድኩት።

እናንተ ነሐስ አያስፈልጋችሁም። ሰውየው የሚቆሙበት ቦታ ይታወቃል አይደል? እዚያው ላይ አንድ ነገር አድርጉ።

የተቀያሪ ወንበር
ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልናገር። ሦስት ሰው ስትመርጡ ሌሎች ሠላሳ ሰዎችን አልመረጣችሁም ማለት ነው። እኛ ክለብ ውስጥ አንድ ምስጋና ሁለት ቤተሰብ አቀያይሞ ቀርቷል። ሁለቱም ክለቡን ትተው ወጡ። አንዳንዴ ሁሉንም ባንድ ላይ አመስግኖ ማለፍ ይሻላል።

የመስመር ዳኛ
የተቀያሪ ወንበር፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን «ሁላችሁንም እናመሰግናለን» ማለት ማንንም አለማመስገን ነው የሚሆነው። ሰማያዊ ማሊያ የጻፈችውን እይ። እናቷን ያስከፋው በጅምላ መጠራት ነው።

መፍትሔው አንዴ አድርጎ አለመተው ይመስለኛል። በየዓመቱ ይሁን። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ1997 ጀምሮ የበጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር አለው። ከትንንሽ ክለቦች የሚመጡ 100 ሰዎች በየዓመቱ ይመረጣሉ። ዘንድሮ ያልተጠራ ሰው ለከርሞ እንደሚጠራ ካወቀ ቅሬታው ይቀላል። ቀን ከፈለጋችሁም የተባበሩት መንግሥታት በ1985 የወሰነው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን አለ፣ ዲሴምበር 5። ሌላው፣ ጥቆማው ከኮሚቴው ብቻ አይምጣ። ተጫዋቾቹን ጠይቁ፣ የታዳጊዎቹን ወላጆች ጠይቁ። ኮሚቴ የሚያየው ስብሰባ የሚመጣውን ሰው ነው።

አሁን ስለ ሜዳ አስማሪው። ለ20 ዓመት ባንዲራ ይዤ መስመር ላይ ሮጫለሁ። የሳቸውን ሥራ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መስመሩ የክልሉ አካል ነው። ጥፋቱ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ መስመር ላይ ከተሠራ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ያ መስመር ከጎሉ 16 ሜትር ተኩል ላይ መሆን አለበት። አንድ ክንድ ወደ ውጭ ከወጣ ቅጣት ምት የነበረው ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ፣ ጨዋታው ተቀየረ ማለት ነው። ስፋቱም ከ12 ሳንቲም አይበልጥም። የጎሉ መስመር ከቋሚው ጋር እኩል መወፈር አለበት። አንዳንድ ሜዳ ስደርስ በእርምጃ ለክቼ ራሴን እይዛለሁ። ጥሩ አስማሪ ያለበት ሜዳ ስደርስ ግን ባንዲራዬን ይዤ በእርጋታ ነው የምቆመው። እኚህን አባት ስታመሰግኑ ዳኞችንም ጥሩ። የሚናገሩት ይኖራቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። 31 ዓመት በባዶ እጅ ከሆነ የሠሩት ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዙላቸው። ብትችሉ ወደ ሜዳ ቀለም ቀይሩት።

ከመረቡ ጀርባ
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ግን ማንም ስላላነሳው ልጻፍ።

አባቴ የአንድ ክለብ ዕቃ ያዥ ነበር። ኳሱ፣ መረቡ፣ የማዕዘን ባንዲራው፣ ሁሉም በሱ እጅ። ቁልፎቹን ቀበቶው ላይ አድርጎ ሲራመድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ቀን ክለቡ ጠርቶ ሸለመው። ጥሩ ዋንጫ ነበር፣ ስሙም በትክክል ተጽፏል። ንግግርም ተደረገ። «ብዙ ደክመዋል፣ አሁን ማረፍ ይገባዎታል» ተባለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ሊቀመንበሩ እጁን ዘረጋ። ቁልፎቹን ለመቀበል ነበር።

ሸልመው አሰናበቱት። ክፋት አልነበረበትም፣ ያከበሩት መስሏቸው ነው። አባቴ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ተነስቶ፣ ለብሶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የት እንደሚሄድ አልገባውም። ሜዳው ድረስ ሄዶ እንደ እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ ማየት ከበደው። ቀስ በቀስ መሄድ ተወ።

ጸሐፊው፣ ወንድሜ፣ ከምንም በፊት ሄደህ ጠይቃቸው። ማረፍ ይፈልጋሉ ወይስ መቀጠል? ከቀጠሉ የቱ ይከብዳቸዋል? ሕዝብ ፊት መቆም ይወዳሉ ወይስ ያፍራሉ? ለሳቸው ደስ እንዲላቸው ነው የምታደርጉት። እሳቸውን ሳትጠይቁ እንዴት ታውቃላችሁ?

የቀድሞ ግብ ጠባቂ
ከመረቡ ጀርባ፣ አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። አባትህ በሕይወት አሉ?

ከመረቡ ጀርባ
አሉ። ዋንጫው ሳሎን ነው። ስለ ቁልፎቹ አሁንም ያወራል።

የተቀያሪ ወንበር
ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። የከርሞው ነገር ጥሩ ነው። ለክለባችን አቀርባለሁ። ለወጡት ሁለት ቤተሰቦችም ስልክ እደውላለሁ።

የክለቡ ጸሐፊ
ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሦስቱንም ለየብቻ።

ደጋፊው በጣም ተጨነቁ። «እኔ ምን ሠራሁና?» አሉኝ። መሀል ሜዳ ላይ መቆም እንደማይፈልጉ በግልጽ ነገሩኝ። «ከጎሉ ጀርባ ደህና ነኝ» አሉ።

ማሊያ አጣቢዋ እናት ማቆም አይፈልጉም። ግን ባልዲ ውሃ ማንሳት ወገባቸውን እንደሚያማቸው ስጠይቃቸው ነው የነገሩኝ። ይህን ሁሉ ዓመት በየሳምንቱ ሲያነሱ አንዳችንም አልጠየቅናቸውም። የእኛ ክለብ ገንዘብ ያዥ የሳሙናውን ሒሳብ ለማስላት አብሮኝ ሄዶ ነበር። ሲወጣ ቃል አልወጣውም።

ሜዳ አስማሪው አባት ረጅም ሰዓት ዝም አሉ። ከዚያ ገመዷን አመጡ። ማዕዘን ቀጥ የሚያደርጉበትን አሳዩኝ። 3 ሜትር፣ 4 ሜትር፣ 5 ሜትር። ሦስቱ ጎን ሲወጠር በ3 እና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ይላል። «ሁለት ሰው ካለ ቶሎ ያልቃል» አሉኝ። «ብቻዬን ስሆን ችካሉን ተክዬ እመለሳለሁ፣ ከላላ ደግሞ ሄጄ አጠብቃለሁ፣ እንደገና እመለሳለሁ። ለአራቱም ማዕዘን እንደዚያ ነው። ሽልማቱን ተዉትና ጫፉን የሚይዝልኝ ልጅ ስጡኝ።»

ኮሚቴው ነገ ይሰበሰባል። ምን እንደምል አሁን አውቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ጫፉን የሚይዝ ልጅ ስጧቸው፣ ሽልማቱንም አትተዉ። ሁለቱም ይገባቸዋል።

ሰማያዊ ማሊያ
ባልዲውን ወንዶቹ ተጫዋቾች በተራ ያንሱ። ከልምምድ በኋላ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የክለቡ ጸሐፊ
ተመልሻለሁ። ቅዳሜ አደረግነው። የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ አልጠበቅንም።

ዝግጅቱን ከጨዋታው በፊት አደረግነው፣ ካለቀ በኋላ ሰው ይበተናል ብለን። ንግግር አላበዛንም። የቡድኑ አምበል ማሊያ አጣቢዋን እናት በሙሉ ስማቸው ጠራቸው። «ከዚህ ቡድን አንድም ተጫዋች በቆሸሸ ማሊያ ሜዳ ገብቶ አያውቅም። ምክንያቱ እሳቸው ናቸው» አለ። የዕድሜ ልክ የክብር አባልነታቸውን ሰጣቸው። ስማቸውን ሦስት ጊዜ አመሳክረን ነው የጻፍነው። የቀድሞ ተጫዋቾችም መጥተው ነበር፣ ልጃቸውም ከነሱ ጋር። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ውሃ የሚቀዳው በተራ ነው፣ ስም ዝርዝሩ መልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ደጋፊውን ወደ መሀል አልጠራናቸውም። ቡድኑ በሙሉ ተሰልፎ ወደ ጎሉ ጀርባ ሄደ። 12 ቁጥር ማሊያ ሰጧቸው። እዚያው፣ በሚቆሙበት ቦታ፣ ከእንጨት የተሠራ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠናል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡበት፣ ከዚያ ጎል ሲገባ ተነሱና እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ።

ሜዳ አስማሪው አባት ቀኑን ለማሳለፍ የመጡት እንደ ሁልጊዜው ጎህ ሲቀድ ነበር። እኔም ሄጄ ነበር። ከታዳጊ ቡድኑ ሁለት ልጆች ቀድመዋቸው ሜዳ ላይ ቆመዋል። የመረጥናቸው እኛ አይደለንም፣ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። እሳቸው አዲሱን ጓንት አጥልቀው ጣታቸውን ዘርጋ ጨበጥ አደረጉት። ከዚያ ገመዷን ከትከሻቸው አወረዱ። አንዱን ጫፍ ለትንሹ ልጅ ሰጡትና ወደ ማዕዘኑ መራመድ ጀመሩ። ልጁ እሳቸውን እያየ ገመዷ ላላችበት። ዞር አሉ።

«እኔን አትይ» አሉት። «ቋጠሮዋን እይ።»